ፊቴ የታተመበት ኬክ

የተወለደበትን ቀን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ የለም። አለሁ የሚል ካለ አንድ ጥያቄ ልጠይቀው፦ ማን ነገረህ? እናትህ? እሷስ የዚያን ዕለት ካላንደር የምታይበት ሁኔታ ላይ ነበረች? ሁላችንም ልደታችንን ያወቅነው በወሬ ነው። በወሬ ላይ ሻማ እናበራለን፣ በወሬ ላይ ኬክ እንቆርሳለን፣ የሰው ወሬ ሲሆን ግን «ማስረጃህ የት አለ?» እንላለን።

ይህን የምለው ቀን የማላከብር ሰው ሆኜ አይደለም። በቀን ጉዳይ ከእኔ የባሰ ጥብቅ ሰው ኩዌት ውስጥ ካለ አምጡልኝና እጁን ልጨብጠው። ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። የቀረውን ያስተማረኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ካላንደር ነው። ማንበብ የለመድኩት ከእሱ፣ መደመር የለመድኩት ከእሱ፣ ሰው መገሠጽ የለመድኩትም ከሥሩ ከሚታተመው ምክር ነው። ከዚህ ሁሉ ትምህርት የያዝኩት መመሪያ አንድ ነው፦ ቀን ቀን ነው።

ችግሩ ኩዌት ውስጥ ቀን ቀን አይደለም፤ ዓርብ ነው። እህቶቻችን በየሰው ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ እረፍት የሚያገኙት፣ ካገኙ፣ ዓርብ ነው። ስለዚህ እንቁጣጣሽ ሰኞ ቢውል ዓርብ ይከበራል። ቡሄ ረቡዕ ቢውል ዓርብ ይከበራል። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። እስቲ አስቡት... ዓመቱን ሙሉ በዓል በሽሮ። እዚህ አገር ዶሮና አዲስ ዓመት የሚተዋወቁት በስም ብቻ ነው።

እኔ ይህን አልቀበልም። በዓሉን በቀኑ፣ ብቻዬን አከብራለሁ። አንድ ዓመት መስቀል ማክሰኞ ዋለ። ሚሽሪፍ ውስጥ የአንድ ኩዌታዊ ቤተሰብ ሹፌር ነኝ፤ ከግቢው ጥግ ሳህን አስቀምጬ በስቴኪኒ ደመራ ሠራሁና ለኮስኩ። ወዴት እንደሚወድቅ ለማየት ጎንበስ ብዬ ስጠብቅ አትክልተኛው የውኃ ጎማውን እየጎተተ መጣና ደመራውን ከነሳህኑ፣ ሳህኑን ከነእኔ አጠበን። ዓርብ ሲደርስ ፊንጣስ የሚባለው ሰፈር ሄድኩ፤ እህቶች ተሰብስበው መስቀልን እያከበሩ ነበር። በዓሉ ሦስት ቀን እንዳለፈው ነገርኳቸውና ቁጭ አልኩ። ምግቡን ግን በልቻለሁ፤ መዋሸት አልወድም።

የአሠሪዎቼ በዓላት ደግሞ ሌላ ፈተና ናቸው። በየካቲት ለአገራቸው ቀን ልጅ አዋቂው በውኃ ሽጉጥ ሲረጫጭ እኔ መኪና ያጠብኩት ጠዋት ነው። በረመዳን አጋማሽ ልጆች ጣፋጭ ለመለመን በየቤቱ ሲዞሩ ከኋላ እየተከተልኩ «አመሰግናለሁ በሉ» የምለው እኔ ነኝ። ይህስ የእነሱ ወግ ነው፤ አከብራለሁ። የትምህርት ቤቱን በዓላት ግን ማን እንደፈጠራቸው ባውቅ ደስ ይለኛል። አንድ ጠዋት የአሠሪዬ የማዳም ልጆች፣ ዘጠኝ ዓመቷ ዳና እና ታናሽ ወንድሟ፣ በፒጃማ ከቤት ወጥተው መኪና ውስጥ ገቡ።

«ልብስ ሳትለብሱ?» አልኳቸው።

«ዛሬ የፒጃማ ቀን ነው» አለች ዳና።

«እንዲህ የሚባል ቀን የለም። ካላንደር አውቃለሁ።»

ልጅ ሲያብል ዝም አልልም። መልሼ ቤት አስገባኋቸውና ሙሉ የትምህርት ቤት ልብስ አስለብሼ፣ ክራባታቸውን ሳይቀር አስሬ አደረስኳቸው። ከዚያ የትምህርት ቤቱን በር አየሁ... መምህራኑም በፒጃማ ነበሩ። ከመላው ትምህርት ቤት ለብሰው የተገኙት የእኔ ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ዳና ለሦስት ቀን በመስታወቱ ውስጥ እያየችኝ አላናገረችኝም።

የዳና ሦስት ቀን ግን ምንም አይደለም። የራሴ ልጅ ሁለት ወር ነው ያላናገረችኝ፤ የዛሬው ወግ የሚመጣውም ከዚያ ነው።

ልጄ ሰላማዊት ፊንጣስ ውስጥ ፀጉር ቤት ትሠራለች። ጥቅምት ላይ የፀጉር ቤቱ ልጆች ልደቷን አዘጋጁላት። መቼ? ዓርብ። እኔ ደግሞ የተወለደችበትን ቀን ከነሰዓቱ ደብተሬ ላይ የጻፍኩ አባት ነኝ። በሩን ከፍቼ ስገባ ዘፈኑ ተጀምሯል፤ ሻማው በርቷል፤ ሰላማዊት ጉንጯን ነፍታ ልትነፋ ነው።

«የሰላማዊት ልደት ዛሬ አይደለም፤ ማክሰኞ ነበር» አልኩ። «ዓርብም ጾም ነው፤ ኬኩ ቅቤ አለው። ሰው በማይወለድበት ቀን ሻማ መንፋት በአደባባይ መዋሸት ነው።»

ሻማው ብቻውን ነዶ አለቀ። እኔ ጥሩ ንግግር ያደረግሁ መስሎኝ ወንበር ፈለግሁ። ሰላማዊት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስደውል ስልኩ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይዘጋል። መልእክት እልካለሁ፤ ታየዋለች፤ አትመልስም። አንድ ያለችኝ ልጅ እሷ ናት፤ እናቷ ካረፈች ቆይቷል። ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ብዙ ጊዜ ጽፌ አጥፍቻለሁ፤ ምክንያቱም ደጋግሜ ሳስበው ማክሰኞ ማክሰኞ ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ልንገራችሁ፤ እስከ ዘንድሮ ድረስ ከአንድ ጸሐፊ በቀር ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነው። እኔ የተወለድኩበትን ቀን አላውቅም። እናቴ የነገረችኝ ክረምት እንደነበረ፣ ወንዙም ሞልቶ አዋላጇ ማዶ እንደቀረች ብቻ ነው። ፓስፖርት ላወጣ ስሄድ ጸሐፊው «የትውልድ ቀን?» አለኝ። ወንዙን ነገርኩት። «ወንዝ የሚጻፍበት ቦታ የለውም፤ ቀን ንገረኝ» አለኝ። ከኋላዬ ሰልፍ ነበር። ተደናግጬ በጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ብቸኛ የራሴን ቀን ነገርኩት፦ ታኅሣሥ አሥራ አንድ። እናቴ ያረፈችበት ቀን ነው። ዓመቱን ሲጠይቀኝ ደግሞ አላውቅም አልኩት፤ ፊቴን ትንሽ አየና ራሱ ሞላው።

እንዲህ ሆኖ እናቴ የሞተችበት ቀን በመንግሥት ማኅተም የእኔ ልደት ሆነ። ለዓመታት ማንም አላየውም። በየዓመቱ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ጢሜን ሳልላጭ እውላለሁ፤ ክፍሌ ውስጥ አንዲት ሻማ አበራና እስክታልቅ እተዋታለሁ፤ ንፍሮ አስቀቅዬ ለሰው እሰጣለሁ። እዚህ የኔ ቢጤ በየደጁ ስለማይገኝ የምሰጠው ለሰፈሩ ጥበቃዎችና ሹፌሮች ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ስንዴና ሽምብራ ለምን እንደምሰጣቸው አንዱም አልጠየቀኝም። ሹፌር የተሰጠውን ይበላል።

ዘንድሮ ቀኑ ሐሙስ ዋለ። ማዳም ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የምትሠራውን ዓለምነሽን በዋዜማው ጠራኋት።

«ዓለምነሽ፣ ንፍሮ ቀቅይልኝ።»

«ምን ሆነህ ነው ጋሼ? ሰው ሞተ?»

«የእናቴ ሙት ዓመት ነው። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ዓለምነሽ ምላሷን ነከሰች። አንድ ነገር ልትል ፈልጋ የተወችው መሰለኝ። ሰው ሲያዝንልኝ እንዲህ ነው ብዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹን ከትምህርት ቤት መልሼ ክፍሌ ተቀምጫለሁ። ጢሜ አድጓል፤ ጥቁር ሸሚዝ ለብሻለሁ፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ሻማዋ እየነደደች ነው። ስልኬ ጮኸ፤ ማዳም ናት።

«ተሰማ፣ ቶሎ ሳሎን ና። ችግር አለ።»

ሮጥኩ። ቧንቧ ፈንድቶ ይሆናል ብዬ መፍቻ ይዣለሁ። በሩን ስከፍት መብራት ቦግ አለ፤ ሃያ የሚሆኑ ፊኛዎች፣ ማዳም፣ ልጆቹ፣ አትክልተኛው ከነጎማው... ሁሉም ባንድ ላይ መዝፈን ጀመሩ። ጠረጴዛው ላይ ኬክ ነበር። ኬኩ ላይ እኔ ነበርኩ።

ፎቶ አንሥቶ በስኳር ኬክ ላይ የሚያትም ቤት እንዳለ ታውቁ ኖሯል? እኔ አላውቅም ነበር። ማዳም ኢቃማዬን፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ልታሳድስ በጣቃዬን፣ መታወቂያዬን ማለት ነው፣ ስታይ የልደት ቀኔን አገኘችው፤ እዚያው ያለውን ፎቶም ወስዳ አሳተመችው። የመታወቂያ ፎቶ እንዴት እንደሚያወጣ ታውቃላችሁ። የእኔ ደግሞ ፎቶ አንሺው «ፈገግ በል» ሲለኝ «ለምን?» ብዬ የተነሣሁት ነው። እንግዲህ ክሬም ላይ ተጋድሜ፣ ዙሪያዬን እንጆሪ ከቦኝ፣ በነቢያት ጾም፣ በእናቴ ሙት ዓመት፣ ራሴን ተቆጥቼ አየሁት።

ዓለምነሽን ፈለግሁ። ከበሩ አጠገብ ትሪ ይዛ ቆማለች። ትሪው ላይ የእኔ ንፍሮ በብርጭቆ ሳህን ተቀምጦ፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ፊኛ ታስሮበታል።

«አንቺ፣ ታውቂ ነበር?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ሁለቱንም አውቃለሁ ጋሼ። አንተ ለማንም አትንገሪ አልክ፣ ማዳምም ለማንም አትንገሪ አለች። ለማንም አልነገርኩም። እኔ የሰው ምስጢር አላወጣም።»

ይህን ስትል ከኋላዋ ሰላማዊት ገባች።

ማዳም እሷንም ጠርታት ኖሯል። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ያላየሁትን ፊቷን ይዛ ቆመች። ፊኛዎቹን አየች። ኬኩ ላይ ያለሁትን እኔን አየች፤ ከዚያ ጥቁር ሸሚዝ የለበስኩትን እኔን አየች። በአማርኛ፣ በዝግታ ጠየቀችኝ።

«አባዬ፣ ዛሬ የአያቴ ሙት ዓመት አይደለም እንዴ?»

«ነው።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

«ልደቴ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከፓስፖርቱ ጀምሮ።»

«አሃ» አለች። ሁለት ወር ሙሉ ከልጄ አንድ ቃል ስጠብቅ ኖሬ ያገኘሁት ይቺን ናት። ነገር ግን በዚህች «አሃ» ውስጥ ዓርቡም፣ ማክሰኞውም፣ ነዶ ያለቀው ሻማዋም፣ «በአደባባይ መዋሸት» ያልኩትም ሁሉ ነበሩ። አሁን አፏን ከፍታ «የአባቴ ልደት ዛሬ አይደለም» ብትል የእጄን መስጠቷ ነው። መኖሪያ ፈቃዴም በዚያው ቀን ላይ የቆመ መሆኑ ትዝ አለኝ።

«ምን እያለችህ ነው?» አለች ማዳም።

ሰላማዊት ወደ ማዳም ዞረች። በአረብኛ «እንኳን ተወለድክልኝ እያልኩት ነው» አለች። ቀጥላም ጎኔ መጥታ ቆመች።

ልጄ ስለእኔ ስትዋሽ ሰማሁ። ዕድሜዬን ሙሉ አትዋሺ እያልኩ ያሳደግኋት ልጅ ሳትንተባተብ፣ ዓይኗን ሳታርገበግብ ዋሸችልኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

«ንፋ» አለች ዳና።

ቀና ብዬ ሻማዎቹን አየሁ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ክፍሌ ውስጥ ለእናቴ ያበራኋት ሻማ አለች፤ እሷን ማንም አያጠፋትም፤ ነዳ ታልቃለች እንጂ። ታዲያ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ሌላውን ሻማ በምን አፌ ልንፋ? መፍቻዬን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ንፋ እንጂ ተሰማ» አለች ማዳም።

ሰሙ መቅለጥ ጀመረ። የመጀመሪያው ጠብታ ኬኩ ላይ ባለው ግንባሬ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አፍንጫዬ ላይ። ታናሹ ልጅ «ተሰማ እያላበው ነው» አለ። ሦስተኛው ጠብታ ከዓይኔ ሥር ወርዶ ጉንጬ ላይ ደረቀ። የኬኩ እኔ ቀድሞኝ አለቀሰ።

«ማዳም» አልኩ፤ «ዛሬ የተወለድኩበት ቀን አይደለም። እናቴ የሞተችበት ቀን ነው። የተወለድኩበትን አላውቀውም፤ ለጸሐፊው የነገርኩት ይህን ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አንዱ ዘፈን የሚያጫውተውን ስልክ ዘጋው። ማዳም ሶፋው ላይ ተቀመጠች። «አላህ ይርሀምሃ» አለች፤ ነፍስ ይማር ማለቷ ነው። ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን አየች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ስጠጋ እየሳቀች ነው።

«ተሰማ» አለች፣ «የዓለምነሽ በጣቃ የፈረንጅ አዲስ ዓመት ቀን ተወለደች ይላል። ከእሷ በፊት የነበረችውም ያንኑ ቀን። ጃብሪያ ሰፈር ያለችው የእህቴ ሠራተኛም ያንኑ ቀን። እኔ እኮ በአገራችሁ ሴቶች የሚወልዱት በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር።»

«የእኔን ደላላው ነው የሞላው» አለች ዓለምነሽ፤ «እኔ ምንም ምስጢር አላወጣሁም።»

ማዳም ተነሣችና ቤቱን በአንድ ትንፋሽ ከልደት ወደ ለቅሶ አዞረችው። ፊኛዎቹ ይውረዱ። ቴምር ይምጣ። ሁሉም ሰው ይቀመጥ። ኬኩስ? አለች ዳና፤ እውነተኛው ጥያቄ እሱ ነበር። ማዳም ኬኩን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

«ሰደቃ ነው። በእናትህ ስም ለሰው እንሰጠዋለን።»

ስለዚህ ጠብታዎቹ ተለቅመው፣ ሻማዎቹም ሳይነፉ ክፍሌ ተወስደው ከእናቴ ሻማ ጎን ተተከሉ። ሰላማዊት ኬኩን ቆረሰችው። አባቷን በቢላ ስትቆራርጥ ፊቷ ላይ ያየሁትን እርካታ አልረሳውም። ከዚያ እሷ ኬኩን፣ እኔ ንፍሮውን ይዘን በሚሽሪፍ መንገድ ቤት ለቤት ዞርን። የጎረቤቱ ጥበቃ ግራ ጆሮዬን ወሰደ። መኪና ማቆሚያ ሲቀማኝ የኖረው የማዶው ሹፌር ሁለቱ ዓይኖቼ ደረሱት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ባየኝ ቁጥር ቦታውን ይለቅልኛል። ለሁሉም «በእናቴ ስም ነው» እላለሁ። ኬኩ ላይ ያለውን እንጆሪና ጌጥ እያዩ ምን እንደሚሉ ጨነቃቸው። አንዱ ጥበቃ ደረቱ ላይ እጁን አድርጎ፣ ከልቡ፣ «መልካም ልደት ለእናትህ፤ ነፍሷን ይማር» አለኝ። አሜን አልኩ። ለሁለቱም።

ሳህኑ ባዶ ሲሆን ሰላማዊትን ወደ ፊንጣስ ላደርሳት መኪና አስነሣሁ። እስከ ግማሽ መንገድ የክረምቱንና የወንዙን ነገር ነገርኳት።

«ያን ዓርብ አጥፍቻለሁ» አልኩ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ።

«ምን?»

«አጥፍቻለሁ አልኩ። ሻማሽን ማስጠፋት፣ ማለቴ አለማስጠፋት... በሰው ፊት እንደዚያ መናገር አልነበረብኝም።»

«ልደቴ መቼ ነበር?»

«ማክሰኞ።»

ሳቀች። «አባዬ፣ ይቅርታህንም ከነቀኑ ነው የምትጠይቀው» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «ነገ ና» አለችኝ።

በማግስቱ ዓርብ ነው። ፊንጣስ ሄድኩ። ያው ቤት፣ ያው የፀጉር ቤቱ ልጆች፣ ያው ወንበር። ጠረጴዛው ላይ ቅቤም ወተትም ያልነካው የጾም ኬክ ተቀምጧል፤ አንዲት ሻማ በርታበታለች። ልጆቹ ያን ንግግሬን ስለሚያስታውሱ አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። ሰላማዊት ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። ቅንድቧን ልክ እንደ እኔ ሰበሰበች።

«ስሙኝ» አለች። «የአባቴ ልደት ዛሬ አይደለም። ትናንትም አልነበረም። ክረምት ነበር፣ ወንዙም ሞልቶ ነበር። ሰው በማይወለድበት ቀን ሻማ መንፋት በአደባባይ መዋሸት ነው።»

ወደ እኔ ዞረች።

«በል ንፋ።»

እንግዲህ ምን ልበላችሁ... ካላንደር ያስተማረኝን ሁሉ አሰብኩ። ከዚያ ልጄን አየኋትና ጉንጬን ነፍቼ ነፋሁት። አጨበጨቡ። አንደኛዋ ከወዲያ «ጋሼ፣ ስንት ዓመት ሞላህ?» አለችኝ። ጸሐፊው ያውቃል አልኳት።